ያ 0.29 ናኖ ሜትር ከየት መጣ?

ስለ ውሃ ማጣሪያ ሜምብሬን የተጻፉ ጥናቶችን ስታነቡ «የክፍተቱ ራዲየስ በፖዚትሮን ሲለካ 0.29 ናኖ ሜትር ነው» ዓይነት አባባል አታጡም። እኔም የድኅረ ምረቃ ጥናቴን ስጀምር እንዲህ ያለ ቁጥር እንዳለ ወስጄ ስሌቴ ውስጥ ከትቼው ነበር። አሁን ግን ቅሬታ አለኝ፦ መሣሪያው የሚለካው ጊዜ ነው፤ ርዝመት አይለካም።

እስቲ እንየው። በፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ጋዝም ውሃም የሚሹለከው በዚያ ነው። ሶዲየም-22 ፖዚትሮን ሲለቅ በዚያው ቅጽበት ገደማ 1.27 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ ጨረር ይወጣል። ሰዓቱ ተነሳ ማለት ነው። አንዳንዱ ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ተጣምሮ ፖዚትሮኒየም ይሆንና ባዶው ቦታ ውስጥ ይወሸቃል። ከግድግዳው የመጣ ኤሌክትሮን ፖዚትሮኑን አግኝቶ ሲጠፋፉ ባለ 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረሮች ይወጣሉ፤ ሰዓቱ ቆመ። ቦታው በሰፋ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። ብልህ ዘዴ ነው፣ አልክድም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። 2 ናኖ ሰከንድ ገደማ የሆነን ዕድሜ ወደ 0.29 ናኖ ሜትር የሚቀይረው የታኦና የኤልድሩፕ ቀመር ክፍተቱ ድቡልቡል ኳስ ነው ብሎ ይነሳል። በተጠላለፈ ሰንሰለት መካከል ኳስ ማን አየ? ቦታው እንደ ቱቦ የረዘመ ቢሆን ያው ዕድሜ አነስ ያለ ራዲየስ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ካፕተን ነው። በዚህ ፖሊመር ውስጥ ፖዚትሮኒየም አይፈጠርም ማለት ይቻላል፤ ሶዲየሙን ራሱን ለመጠቅለል የሚመረጠውም አንድም በዚህ ነው። ሄሊየም ግን በካፕተን ውስጥ ያልፋል! ባዶ ቦታ አለ፣ ምስክሩ ግን ዝም ብሏል። ስለዚህ የተለያየ ኬሚስትሪ ያላቸውን ሁለት ሜምብሬኖች አነጻጽሮ «የዚህኛው ምልክት ደካማ ስለሆነ ክፍተቱ ጥቂት ነው» ማለት አያስኬድም።

የውፍረቱም ነገር አለ። የባሕር ውሃን ጨው የሚያስቀረው የፖሊአማይድ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ናኖ ሜትር ቢሆን ነው። ከሶዲየም በቀጥታ የወጣ ፖዚትሮን ይህን በስቶ አልፎ ከሥሩ ያለውን ድጋፍ ይለካል። ፍጥነቱ የተገታ ፖዚትሮን ይህን ያስተካክላል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ፣ በደረቀ ናሙና ላይ ነው የሚሠራው። ሜምብሬኑ ደግሞ ጨው የሚያጣራው ረጥቦና አብጦ ነው።

ዘዴው ይጣል እያልኩ አይደለም፤ በአንድ ዓይነት ፖሊመር ላይ የሙቀት ለውጥ ያመጣውን ልዩነት ለማየት እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ከራዲየሱ ጎን ናኖ ሰከንዱና የተገመተው ቅርጽ ይጻፉልን።