የፋራዴይን መጽሐፍ ስለ መመዘን

ስለ ማይክል ፋራዴይ ሲነገር የብረት ቀጥቃጭ ልጅነቱና የመጽሐፍ ጠራዥነቱ ይወሳል፤ ሥራው ግን አይመረመርም። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1855 በሦስት ጥራዝ የታተመው የኤሌክትሪክ ምርምሩ የሒሳብ ቀመር ስለሌለበት ይነቀፋል። ነቀፋው ከፊል እውነት አለው፤ ለሐሳቡ የሒሳብ መልክ የሰጠው ማክስዌል ነውና። ሆኖም መጽሐፉ የከሸፈውን ሙከራ አይደብቅም፤ የመሬት ስበትን ከኤሌክትሪክ ጋር ለማገናኘት ጥሮ ምንም ውጤት እንዳላገኘ በ1851 ገልጿል። በ1831 ያገኘው ሕግ፣ ይኸውም በማግኔት አጠገብ የሚንቀሳቀስ ሽቦ ኤሌክትሪክ ማስገኘቱ፣ ዛሬ ከእንጭኒ ብዙ በማይርቀው በጊንጪ አካባቢ የሚመነጨው አዋሽ በ1960 በተመረቀው የቆቃ ጣቢያ ብርሃን እንዲሰጥ አስችሏል። እንግዲህ ቀመሩን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ሕጉን ያውቅ ይሆናል፤ የተገኘበትን መንገድ ግን አያውቅም።