ጠልሰም በሠዓሊ እጅ፤ ስለ ዘሪሁን የትምጌታ ሥራ

ስለ ሠዓሊው ስለ ዘሪሁን የትምጌታ ከመጻፌ በፊት የምናዘዘው ነገር አለኝ። ከጣራ ገዳም አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ አንድ የደብተራ ልጅ በሒሳብ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ዓይን የበዛበት ጠልሰም በቀይና በጥቁር ቀለም ሥሎ አገኘሁት። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና፣ ክታብን ከጥንቈላ ለይቼ የማይ ሰው አልነበርሁም። ገጹን በተማሪዎቹ ፊት ቀደድሁት። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ቍርጥራጩን ግን ለቅሞ በኪሱ ከተተ። ከብዙ ዓመት በኋላ የዘሪሁንን ሥራዎች አዲስ አበባ ላይ ባየሁ ጊዜ፣ እነዚያው ዓይኖች ከግድግዳው ላይ ተመለከቱኝ።

ዘሪሁን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 በአዲስ አበባ ተወለደ። የተማረውም አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ከመምህራኑ አንዱ የእንጨት ቅርጽ አታሚው ሐንሰን ባሂያ ነበረ። ይህ ሰው በሐምቡርግ ተወልዶ ወደ ብራዚል የተሻገረና የባሂያን ስም ከስሙ ጋር ያቆራኘ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ አስተምሯል። ስሙን ከወደደው አገር የወሰደ መምህር ማግኘት ለአንድ ተማሪ ቀላል ዕድል አይመስለኝም።

እንጨት ቀርጾ ማተም ምሕረት የሌለው ሥራ ነው። በቡሩሽ የሚሥል ሰው ቢሳሳት ደርቦ ይቀባል፤ ከእንጨት ላይ ግን መሮ ያነሣው ፍቅፋቂ ተመልሶ አይለጠፍም። በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ሁሉ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሳይነካ የቀረው ጕብታ ቀለሙን ይቀበላል፤ ሲታተምም እንደ መስተዋት ግራው ቀኝ ይሆናል። ኅትመቱ ባለ ብዙ ቀለም ሲሆን ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለየቀለሙ ሌላ እንጨት ተቀርጾ፣ ወረቀቱ በየተራው በልኩ ሊገጥም ያስፈልጋል። ስለዚህ አታሚ ቀለምን እንደ ድኃ ገንዘብ ቈጥሮ ያወጣል።

ይህ ቍጠባ ዘሪሁን ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ ካለፈ በኋላም አልተለየውም ባይ ነኝ። ይበልጥ የታወቀው በሸማኔ ዕቃ ላይ እንደሚገኙት ያሉ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥሮች ጎን ለጎን በተያያዙበት ገጽ ላይ በሠራቸው ሥዕሎች ነው። ስንጥሩ ጠባብና ረዥም ነው፤ ክታብም እንዲሁ ነው። ደብተራው ብራናውን እየሰፋ የሚያስረዝመው፣ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀው ዘንድ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር። ዘሪሁን ያን ቅርጽና ያን ፊት ለፊት የሚያይ ዓይን ወሰደና፣ በአንድ በሽተኛ ስም ይሠራ የነበረውን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ አደረገው።

ይህ ድፍረት ነው ወይስ አደራ መጠበቅ? አንድ ቄስ ወዳጄ «የሚፈራውን ነገር የሳሎን ጌጥ አደረገው» እያሉ ይነቅፉታል። ነቀፋቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ክታቡ በቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ በአንገት ቢንጠለጠልም፣ በጭንቅ ጊዜ በታማሚው ፊት ይዘረጋ ነበር፤ ጠልሰሙ ሥራውን የሚሠራው ሲታይ ነበረ። እኔ የዚያን ልጅ ወረቀት ስቀድድ ይህን አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም።

የዘሪሁንን ሥራ ሁሉ ግን እኩል አላደንቅም። ከአገራችን ጠልሰም ጋር የሌላውን አፍሪካ ጭምብልና ምልክት በአንድ ገጽ ላይ ባከማቸባቸው ሥዕሎች ዓይኔ ማረፊያ ያጣል። ያ ስፋት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 በዳካር ቢየናሌ ሲሸለም ሳያግዘው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ለእኔ ግን መሮውን ያልረሳበት፣ ቡናማና ጥቁር ከጥቂት ቀይ ጋር ብቻ የሚነጋገሩበት ሥራ ይበልጥብኛል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ በመጽሐፍ ላይ በታተመ ፎቶግራፍ ብቻ አትፍረድ፤ ፎቶግራፉ በስንጥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። ሥዕሉ ፊት ቆመህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ብትራመድ፣ ዓይኖቹ ሲሰነጠቁና ሲገጥሙ ታያለህ።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ይሥል እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁትም። በገበያ ቀን አዲስ ዘመን ላይ ስንገናኝ፣ «መምህር» ብሎ ቀድሞ እጅ የሚነሣኝ እርሱ ነው።