ግንቡን በመስኮት

ውጭ አገር ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ኅዳር ሲገባደድ ሳይሾሙት የጉዞ ወኪል ይሆናል። “ለገና እንመጣለን፤ ጥምቀትን ጎንደር ነው የምናከብረው” የሚል ስልክ ከተደወለ በኋላ ዕረፍት የለም። እናላችሁ፣ ከለንደን ከመጣች የእህቴ ልጅ ጋር ደምበል አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠን ሆቴል እንመርጣለን። እሷ ስልኳን ታገላብጣለች፤ እኔ ማኪያቶዬን አማስላለሁ።

“ጋሼ፣ ይሄኛው ከመስኮቱ ግንቡ ይታያል። ያኛው ደግሞ ጣና ዳር ነው። ሁለቱንም የያዘ የለም እንዴ?”

“ምነው፣ ግንቡን ሐይቅ ውስጥ ይንከሩልሽ?”

“ጋሼ ደግሞ! እኛ ጋ እኮ አለ።”

እውነቷን ነው፤ እነሱ ጋ አለ። በሰሜን እንግሊዝ ባምብራ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። ግንቡ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ቁልቁል ያያል፤ ከሥሩ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ተዘርግቷል። በደቡብ ደግሞ ዶቨር አለች። እንግሊዛዊ ለዕረፍት ሲወጣ “ባሕር ዳር፣ ግንብ አጠገብ” ብሎ ማረፊያ ቢፈልግ ማንም አይስቅበትም።

እኛስ? በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው “ባሕር” ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ምጽዋ ነው። እዚያ ቀይ ባሕር ዳር የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ክፉኛ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ባሕሩም ሌላ አገር ሆነ። አማርኛችን ግን ለባሕር ቸር ነው። ጣናን ባሕር ብሎ፣ ዳርቻው ላይ ያለችውን ከተማ “ባሕር ዳር” ብሎ ሰይሞ ተገላግሏል። ይሄ እኛ የተቀመጥንበት “ደምበል” ራሱ ዝዋይ ለምንለው ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው። ደሴቶችና ጥንታዊ ገዳም ያሉት ሐይቅ ነው። እዚህ ቦሌ መንገድ ላይ ግን ውሃው የለም፤ ስሙ ብቻ አስፋልት ዳር ቆሟል።

ስለዚህ የልጅቱ ጥያቄ የሚያስቅ አይደለም። ጣናና የፋሲል ግንብ፣ ባሕርና ግንብ፣ እኛም ጋ አሉ። ጥያቄው የት ሆኖ ማየት ይሻላል የሚለው ነው።

ይሄንን ጥያቄ ከእኛ በፊት ነገሥታቱ ጠይቀውታል። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጉዛራ ላይ ያሠሩት ግንብ ሐይቁን ቁልቁል ያያል። አፄ ሱስንዮስ ደግሞ ወረድ ብለው ጎርጎራ፣ ውሃው አፍንጫ ሥር ገቡ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ግን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከሐይቁ ራቅ ብለው፣ አንገረብና ቀሃ በሚባሉ ሁለት ወንዞች መካከል ወዳለው ከፍታ ወጡና ጎንደርን ቆረቆሩ። ጣናን ጨርሰው አልተዉትም። ሰማዩ ሲጠራ ከግንባቸው ሰገነት ላይ ሐይቁ በሩቁ ይታያል ይባላል። ውሃውን ለዓይናቸው ተዉት፤ ደጃቸውን ግን ለከተማ አደረጉት።

ደጅ ስል በዘፈቀደ አይደለም። የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው 12 በሮች አሉት። እያንዳንዱ በር ስም አለው። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ እምቢልታ በር የነፊዎቹ ነው፤ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ ነው። ከፊት በር ውጭ ጃን ተከል አለ፤ አዋጅ የሚነገርበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የዋርካ ጥላ። ከዚያ እነ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ አዲስ ዓለም እያለ ሰፈሩ ይቀጥላል። ዳኛው፣ ነፊው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው በግንቡ ዙሪያ ይኖሩ ነበር። ማለትም ግንቡ ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ጎረቤት ነበረው።

አሁን ወደ ሆቴሎቹ እንምጣ።

በመንግሥት ይዞታ ዘመን የታሪካዊው መስመር ሆቴሎች የሚታወቁ ነበሩ፤ ባሕር ዳር ላይ ጣና፣ ጎንደር ላይ ጎሃ፣ ላሊበላ ላይ ሮሃ፣ አክሱም ላይ የሃ። ጎሃና የሃ ኮረብታ ላይ ናቸው። ኮረብታ መምረጥ አንድ ትልቅ በጎ ነገር አለው፤ ቅርሱን አይጋፋም። ግንቡ ጎን ባለ ስምንት ፎቅ ቢያቆሙብን ኖሮ ምን ልንል ነበር? ደግሞም ፀሐይ ስትጠልቅ ከጎሃ ሰገነት ጎንደርን ማየት የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ሰው ቢወደው እውነት አለው።

ችግሩ እዚያ የሚቀረው እንግዳ ነው። ከአዞዞ አውሮፕላን ማረፊያ በሆቴሉ መኪና ወደ ኮረብታው፣ ከኮረብታው በሆቴሉ መኪና ወደ ግንቡ፣ ከግንቡ ተመልሶ ወደ ቡፌው። ሦስት ቀን ሰንብቶ ከጎንደር ሰው ጋር “እንደምን አደሩ” ሳይባባል ይመለሳል። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ “ጎንደርን አየሁ” ይላል። አይቷል፤ ምንም አልዋሸም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ተራኪው የት ነው የቆመው?” የሚል ነበር። ተራኪው የቆመበት ቦታ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ይወስናል። የሆቴሎቹን ማስታወቂያ በዚህ ዓይን እስቲ አንብቡት። “አስደናቂ እይታ”፣ “ታሪክን ከክፍልዎ ሆነው ይመልከቱ”፣ “ከሐይቁ ጋር ይንቁ”። ፎቶው ላይ ግንብ አለ፤ ውሃ አለ፤ ነጭ አንሶላ አለ። ሰው ግን የለም። ተራኪው መስኮት ላይ ስለቆመ የሚታየው ጣሪያና አድማስ ብቻ ነው። ከጣሪያው ሥር ማን እንዳለ አይገባውም፤ እንዲገባውም አልተከፈለውም።

ሐይቅ ዳር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ኮረብታ ላይ ያለ ሆቴል ቢያንስ የሌላውን ሰው ዓይን አይጋርድም። ሐይቅ ዳር የተሠራው ግን አጥሩን ውሃው ድረስ ያወርዳል። ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ቢሾፍቱም የምናውቀው ነገር ነው፤ የከተማው ልጅ ሐይቁን ለማየት ሻይ መግዛት አለበት። እዚያ ባምብራ፣ ግንቡ የግል ንብረት ነው፤ አንድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1894 ገዝቶታል። አሸዋው ላይ ግን ማንም ውሻውን እያስከተለ ይሄዳል። ባለ ብዙ ክፍያውም ሳንድዊቹን በፌስታል የያዘውም የሚያዩት ያንኑ ግንብ ነው። ከእንግሊዞች የምንበደረው ነገር ካለ መስኮታቸው ቀርቶ ይሄ ይሁን።

ጎርጎራን ደግሞ አንርሳ። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው “ገበታ ለሀገር” ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ነው። ዛሬ ትልቅ ሪዞርት ቆሞበታል። የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ፣ የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች፣ ሐይቁ፣ ሁሉም በአንድ አካባቢ። የእህቴ ልጅ “ሁለቱንም የያዘ” ያለችው እሱ ነው። ውበቱን አልክድም። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ፤ እንግዳው ከበሩ ወጥቶ የጎርጎራን ዓሣ አስጋሪ የሚያገኝበት መንገድ አለ ወይ? ወይስ ዓሣው ብቻ ነው በጓሮ በር የሚገባው?

“አንተ ደግሞ ሰው ለዕረፍት ሲሄድ ሶሺዮሎጂ ታስተምራለህ” የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፤ ከጎንደር ሳንወጣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ለግንቡ ከሁሉም በላይ ቀርበው ያደሩት ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን ግቢውን ወታደራዊ መምሪያ አደረጉት። ከዚያ የተሻለ “ማዕከላዊ ቦታ” የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ ግን ሒሳቡን የከፈለው ግንቡ ነው። መቅረብ ብቻውን ወዳጅነት አይደለም።

ሩቅ ሳንሄድም ከደምበል ተነሥታችሁ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ በእግር ውጡ። በመንገዳችሁ ቤተ መንግሥትና ሆቴል ጎን ለጎን ታያላችሁ። ሒልተን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ጎረቤቱ ነበር። ሸራተን እ.ኤ.አ. በ1998 ከምኒልክ ግቢ ግርጌ ተከፈተ። ለአሥርት ዓመታት ግን ለከተማው ሰው ቤተ መንግሥት ማለት አጥር ነበር፤ ካሜራ ማውጣት ቀርቶ ጠጋ ብሎ መቆም ያስጠይቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የምኒልክ ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ሲከፈት ብዙ ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ።

ይሁንና በሩ በተከፈተ በአምስት ዓመቱ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ስሙን ከጣሊያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ያገኘው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ዛሬ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መብራቱ ደማቅ ነው፤ ከሆቴሎቹ መስኮት ሲታይም ያምራል። እንግዳ “እዚህ ሰፈር ማን ይኖር ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ ግን የሚመልስለት የሰፈሩ ሰው ለማግኘት ሁለት ታክሲ መያዝ አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እይታ ስንወድ ጎረቤት የሚጋርደን ይመስለናል። መጀመሪያ በፎቶ እናጠፋዋለን፤ ቆይቶ በእውኑም ሲጠፋ አንደነግጥም።

ጎንደር ደግሞ አሁን ጎረቤት በጣም የሚያስፈልጋት ከተማ ናት። ኮሮና፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት እንግዳን አራቀባት። ግንቡ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል፤ መልካም። አስጎብኚው፣ ባለ ባጃጁ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ የሸማ ባለሙያው ግን በኖራ አይጠገኑም። ከተማዋ በውሃ እጥረትም የምትታወቅ ናት። የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶታል፤ የመገጭ ግድብ ደግሞ ለዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ነው። እናም “ሃያ አራት ሰዓት ውሃ አለን” የሚለው ማስታወቂያ አዲስ አበባ ሲነበብ ምቾት ይመስላል፤ ጎንደር ላይ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚያነበው ሌላ ነገር ነው።

እና ምን እናድርግ? አትሂዱ አልልም። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አጣርታችሁ ሂዱ። ሆቴል ስትመርጡ ግን ከዋጋና ከፍራሽ ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከሆቴሉ በር እስከ ግንቡ በር በእግር ይኬዳል ወይ? ቁርሱን ትቼ ፒያሳ ወርጄ ፉል ልብላ ብል አጠገቤ ፉል ቤት አለ ወይ? አስጎብኚ ስፈልግ የከተማውን ልጅ ነው የምታገናኙኝ ወይስ ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት? ሦስቱንም “አዎ” የሚል እንግዳ ማረፊያ፣ መስኮቱ የጎረቤት ቆርቆሮ ቢያሳይም፣ ከኮረብታው ይሻላል ባይ ነኝ። ኮረብታውን የወደደ ደግሞ እዚያው ይደር፤ ማታ ፀሐይዋን ያይ። ጠዋት ግን መኪናውን ትቶ በእግሩ ይውረድ።

ክፍሉ ግንቡን ባያሳይ ግድ የለም። ግንቡ የትም አይሄድም፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ቶሎ የሚሄደው በዙሪያው ያለው ሰው ነው።