ጅቡቲ «በር» ብቻ ናትን?
በንግድ ስለ ተሳሰሩ ጎረቤቶችና ስለ አካባቢ ጥበቃ የቀረበ ሂስ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የጅቡቲ ስም ሲነሣ አብሮት የሚነሣው «የባሕር በር» የሚለው ቃል ነው። ተማሪው ከተማይቱን በካርታ ላይ ፈልጎ ካገኘ በኋላ የሚቀርብለት ጥያቄ ምን ያህል ዕቃ በወደቧ እንደሚያልፍ ነው። የሚሰጠውም መልስ ትክክል ነው፤ ከ1998 ወዲህ ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂሳችን የሚነሣው ከዚሁ ትክክለኛ መልስ ነው። በር የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር ነው፤ አይጠማም፣ አይታመምም፣ ባለፈበት ዕቃ አይመረዝም። ጅቡቲ ግን ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖርባት ከተማ ናት። ዓመታዊ ዝናቧ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሕዝቧ ለረጅም ዘመን የጠጣው ከከተማዋ ሥር ከሚገኘው የእሳተ ገሞራ ዐለት የተቀዳ ውኃ ሲሆን፣ ከመጠን በላይ በመቀዳቱ ምክንያት የባሕር ጨው እየገባበት ሄዷል። እንግዲህ «በር» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ከተማሪው ዓይን ይሰውራል። ቃሉ ሐሰት ነው አንልም፤ ጎደሎ ነው እንላለን። ጉድለቱም የቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ንግዱ ያሰረው ገመድ

የንግዱ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በእርሱ ምትክ የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መደበኛ አገልግሎቱን ጀመረ። በመኪና መንገዱም በጋላፊ በኩል በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ከባድ መኪናዎች ይመላለሳሉ።

ይህ ሁሉ ውል አለው፣ ቢሮ አለው፣ ሒሳብ አለው። አንድ ኮንቴይነር በወደቡ ላይ አንድ ቀን ሲያድር የሚከፈለው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሣንቲም ይታወቃል። ከዚያ ኮንቴይነር የሚፈስሰው ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ጠንቃቃ ሒሳብ ያዥ አላገኘም። ለዚህም ከሁሉ የላቀው ማስረጃ በ2002 የደረሰው ነው።

ባለቤት ያጣው መርዝ

በዚያ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ የእንጨት ማከሚያ ኬሚካል የያዙ ኮንቴይነሮች በጅቡቲ ወደብ ተራገፉ። ኬሚካሉ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ የእንጨት ምሰሶን ከምስጥና ከሻጋታ ለመጠበቅ ያገለግላል። የኬሚስትሪ መምህራን እንደሚያውቁት፣ ከሦስቱ አንዱ አርሴኒክ ጥንት ጀምሮ በመርዝነቱ የታወቀ ነው፤ በምሰሶው ላይ የሚፈለገው ጠባይ ማለትም ሕይወት ያለውን ነገር መግደሉ፣ ከመያዣው ሲወጣ በሰው ላይም ያው ነው። ፈሳሹ ከፕላስቲክ መያዣዎቹ እያፈተለከ በወደቡ ቅጥር ግቢ ፈሰሰ። አፈሩ ተበከለ፣ የወደቡ ሠራተኞችም ለአደጋ ተጋለጡ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዓለምን እርዳታ እስከ መጠየቅ ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ያንን ኬሚካል ጅቡቲ አልሠራችውም፣ አላዘዘችውም፣ ለራሷም አልፈለገችውም። የሚጸናው ምሰሶ የሚተከለው በኢትዮጵያ ምድር ነበር፤ ትርፉም የሚገባው ሩቅ አገር ላለው ሻጭ ነበር። መርዙን የተነፈሰው ግን ዕቃ ለማውረድ በጠዋት የወጣው የጅቡቲ የቀን ሠራተኛ ነው። ዕቃው ደኅና ሆኖ ቢደርስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሲፈስስ ግን ሻጩ ወደ መርከቡ፣ መርከቡ ወደ ወደቡ፣ ወደቡ ወደ ገዢው ማመልከት ይቻለዋል። «በር» ብሎ ማስተማር የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው። በበሩ ላይ የወደቀውን ማን ያንሣው ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ሁለቱም አገሮች የአደገኛ ዝቃጭን ከአገር ወደ አገር መዘዋወር የሚቆጣጠረው የ1989ኙ የባዝል ስምምነት አባሎች ናቸው። ይሁን እንጂ ያ ስምምነት የሚናገረው ስለ ዝቃጭ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ኬሚካል ግን እስኪፈስስ ድረስ ሸቀጥ ነበር፤ ዝቃጭ የሆነው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ውል መሐል የቀረውን ክፍተት የሚደፍነው የሁለቱ ጎረቤቶች የራሳቸው ስምምነት ሊሆን ይገባል።

አዋሽ የት ያበቃል?

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። ስለ አዋሽ ስናስተምር ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል እንላለን። የሚቀረው ግን በባዶ ሜዳ ላይ አይደለም፤ መጨረሻው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ፣ ከዚያም የመተሐራና የተንዳሆ እርሻዎች ከወንዙ የየድርሻቸውን ወሰዱ። ድርቅም ተጨመረበት። ሐይቁ ካለፈው ምእት ዓመት አጋማሽ ወዲህ እጅግ ሸሽቷል፤ ቀድሞ ውኃ የሸፈናቸው ጫፋቸው የሾለ የኖራ ድንጋይ ዐምዶች ዛሬ በደረቅ ሜዳ ላይ ቆመው ይታያሉ።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል፤ ውኃው ሲተን ጨውና ሌላው ዝቃጭ ይከማቻል። የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች እጣቢ በአቃቂ ወንዝ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች እጣቢ በሞጆ ወንዝ በኩል ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ትምህርት የሚሰጥ ነው። የለፋው ቆዳ በመኪናና በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ የታጠበበት ውኃ ደግሞ በአዋሽ በኩል ወደዚያው አቅጣጫ ይወርዳል። ለመጀመሪያው የጉምሩክ ሰነድ ይሞላለታል፤ ለሁለተኛው ማን ይሞላለታል?

ስለ መልካሙም እንናገር

ሂስ ማለት ማጥላላት ብቻ አይደለምና በጎው ሥራ ሊወሳ ይገባዋል። ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ የውኃ ኀይል ማመንጫዎች ኤሌክትሪክ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ በመድረሱ፣ ቀድሞ በናፍጣ ይሠራ የነበረው ማመንጫ ሸክሙ ቀሎለታል። በ2013 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ደግሞ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለጅቡቲ እንዲሰጥ የታቀደው መሥመር በ2017 ተመርቋል። ውኃው ለ30 ዓመት ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ስምምነት ተደርጓል። ለጎረቤት ጥም መድረስ የሚያስመሰግን ተግባር ነው፤ ጎረቤቶቹ ሲፈልጉ መተባበር እንደሚችሉም ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ይሁንና ዋጋ የሌለው ነገር ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የከርሰ ምድር ውኃ በዝናብ ቀስ ብሎ የሚተካ ሀብት ነው። አዲጋላ የሚገኝበት ምድር ደግሞ ራሱ ደረቅ ነው፤ ነዋሪው ግመሉንና ፍየሉን ለማጠጣት ረጅም መንገድ የሚሄድ አርብቶ አደር ነው። ቧንቧው በደጁ አልፎ እርሱ ከተጠማ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእርሱም ላይ ይደርሳል። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው የውኃ ከፍታ በየዓመቱ በጋራ እየተለካ ለሁለቱም ሕዝብ በግልጽ ሊነገር፣ ለአካባቢውም ነዋሪ ድርሻው ሊቆረጥለት ይገባል። ጅቡቲም በበኩሏ በ2021 ዶራሌ ላይ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ተቋም መክፈቷና በ2023 በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኀይል ማመንጫ ማስመረቋ፣ ሸክሙን ሁሉ በጎረቤት ላይ ላለመጣል ያላትን አሳብ ያሳያል።

«ባሕር የሌላት አገር ምን አገባት?»

አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ የሚመራው በ1982 በጅዳ በተፈረመው ስምምነት ነው፤ ጅቡቲ በውስጡ አለች፣ ኢትዮጵያ የለችም፤ ባሕር የሌላት አገር በባሕር ጉዳይ ምን አገባት ይላሉ። እኛ ደግሞ የምናመለክተው ወደ ራይን ወንዝ ነው። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ ሆኖም በ1950 ከፈረንሳይ፣ ከሉክሰምበርግ፣ ከምዕራብ ጀርመንና ከኔዘርላንድስ ጋር ሆና የራይንን ውኃ የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቁማለች። እርግጥ ነው፣ ኮሚሽኑ መኖሩ ብቻ ወንዙን አላዳነውም። በኅዳር ወር 1986 ባዝል ከተማ አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ መርዙ ወደ ወንዙ ገባ፤ ዓሣው እየሞተ ተንሳፈፈ። የሮተርዳም ወደብም ከላይ የወረደውን የተበከለ ደለል የምታከማችበት ልዩ ስፍራ በ1987 ሠራች። በዚያው ዓመት አገሮቹ ቀን የተቆረጠለት የጋራ ዕቅድ አወጡ፤ ከዚያም በኋላ ጠፍቶ የነበረው የሳልመን ዓሣ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

የሩቁን ካነሣን የቅርቡን አንርሳ። የአንበጣ መከላከያው የምሥራቅ አፍሪካ ድርጅት ከ1962 ጀምሮ አለ። በድርቅ ላይ በጋራ ለመምከር የተመሠረተው ኢጋድ በ1986 የተቋቋመው ጅቡቲ ከተማ ላይ ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም ያለው በዚያው ነው። በዚያ የምሥረታ ጉባኤ ጊዜ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ያልተገናኙት የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች ተገናኝተው መነጋገር ጀመሩ። ለመታረቅ ያቃታቸውን ሰዎች ድርቅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው ማለት ነው። አንበጣና ድርቅ ያገኙትን ጠረጴዛ የኬሚካል በርሜልና የፋብሪካ እጣቢ የሚነፈጉበት ምክንያት አይታየንም።

ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

ውል መዋዋል የመንግሥታት ሥራ ነው። ነገ ውሉን የሚጽፈው፣ ጭነቱን የሚያዘው፣ መኪናውን የሚነዳው ሰው ግን ዛሬ በእኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ አዋሽ በሰሌዳ ላይ ሲሣል መሥመሩ እስከ አቤ ሐይቅ ይድረስ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው አገርም ስሙ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የኬሚስትሪና የጂኦግራፊ መምህራን ተባብረው አንድ በርሜል ኬሚካል ከመርከብ ወርዶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በየስፍራው ቢፈስስ ማን እንደሚጎዳና ማን ኀላፊ ሊሆን እንደሚገባ ተማሪዎችን ያከራክሩ። ሦስተኛ፣ ስለ ጅቡቲ በሚወጣው ፈተና ላይ በወደቡ የሚያልፈው ዕቃ ብዛት ሲጠየቅ፣ ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣም አብሮ ይጠየቅ።

«የባሕር በር» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ይፋቅ አላልንም። ከበሩ ኋላ ቤት፣ በቤቱም ውስጥ ሰው እንዳለ ግን ተማሪው ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ሊዛወር አይገባም።