የሩዙ ጆንያና ስብከቱ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በመስጊድ ግቢም ሆነ ሰደቃ በተበላበት ቤት ስለ ሚሲዮናውያን ወሬ ሲነሳ አንድ ንግግር አይጠፋም፤ «እነሱ እኮ ሰው የሚያከፍሩት በስንዴና በዘይት ነው» የሚል። ንግግሩ አጭር ነው፤ ተናጋሪውንም አያደክምም። እኔም ለደረሶቼ ስንት ጊዜ እንዲሁ ብዬ እንዳስተማርኩ አልደብቅም። ነገር ግን የሚነቅፍ ሰው የሚነቅፈውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሳያውቅ የነቀፈ ሚዛኑን አጉድሏል፤ ሚዛን ማጉደል ደግሞ በዲናችን በእህል ገበያ ብቻ የተከለከለ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከአገራችን ርቀን፣ ከሰባ ዓመታት በላይ በእርስ በርስ ጦርነት ሲፈናቀል የኖረውን የካረን ሕዝብ ሁኔታ በጥሞና እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካረኖች በምሥራቅ በርማ፣ ዛሬ ምያንማር በምትባለው አገር፣ ከታይላንድ ጋር በሚያዋስኑት ተራሮችና በዝቅተኛው የወንዝ አገር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ብዙዎቹ የቡድሃ ተከታዮች ናቸው። የአባቶቻቸውን ባህላዊ እምነት የያዙም አሉ፤ ጥቂት ሙስሊሞችም በመካከላቸው ይኖራሉ። ክርስቲያኖቹ አናሳ ናቸው። ይህን አንባቢው ልብ ይበል፤ ምክንያቱም በብዙ የሚሲዮን ጽሑፍ ላይ ካረንና ክርስቲያን አንድ ስም መስለው ይቀርባሉና።

አሜሪካዊው የባፕቲስት ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን ራንጉን የገባው በ1813 ነበር። የመጀመሪያውን በርማዊ እስኪያጠምቅ ስድስት ዓመት ፈጀበት። ከካረኖች ደግሞ የመጀመሪያው ተጠማቂ ኮ ታ ብዩ ሲሆን፣ የተጠመቀው በ1828 ነው። ካረኖች «ዩዋ የሚባለው ፈጣሪ ለአባቶቻችን መጽሐፍ ሰጥቷቸው ነበር፤ እነሱ ግን ጣሉት። አንድ ቀን ነጩ ወንድማችን ይዞልን ይመጣል» የሚል ጥንታዊ ተረክ ነበራቸው። ሚሲዮናውያኑ ይህን ሲሰሙ ትንቢቱ በእኛ ተፈጸመ አሉ። ከዚያም ጆናታን ዌድ የተባለው በበርማ ፊደላት ተመርኩዞ የካረንን ቋንቋ ፊደል አበጀለት፤ ፍራንሲስ ሜሰን ደግሞ በ1853 መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚያው ቋንቋ ተርጉሞ ጨረሰ። ትምህርት ቤቶችም ተከፈቱ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያን ጊዜ የሩዝ ጆንያ አልነበረም፤ የስደተኛ ካምፕም አልነበረም። የነበረው ቋንቋ የተማረ፣ ተራራ የወጣ፣ በወባ የታመመ ሰው ነው። «በስንዴና በዘይት» የሚለው ንግግራችን ይህን ዘመን በፍጹም አያስረዳም። እምነታቸውን አንቀበልም፤ ድካማቸውን ግን መካድ ውሸት ነው።

ጆንያው የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በርማ ነጻነቷን በ1948 አገኘች፤ በጥር 1949 የካረን ብሔራዊ ኅብረትና መንግሥት ውጊያ ገጠሙ። በ1984 ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ወደ ታይላንድ ተሻግረው ሲሰፍሩ፣ ይረዷቸው ዘንድ በታይላንድ መንግሥት የተጠየቁት እዚያው ይሠሩ የነበሩ የክርስቲያን ድርጅቶች ነበሩ። እነሱም ተባብረው ሩዝ፣ ጨውና የዓሣ ድልህ ማቅረብ ጀመሩ። ስደተኛው እየበዛ ሄዶ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ፤ ቀለቡ ግን ለአርባ ዓመታት ያህል በዋናነት በዚሁ ማኅበር በኩል መጣ። ፍትሕ እንናገር ካልን፣ ማኅበሩ እህሉን የሚያድለው በስደተኞቹ በራሳቸው ኮሚቴዎች አማካይነት ነበር፤ ቡድሂስቱም ሙስሊሙም ከዚያው ጆንያ በልቷል። በሜላና በኡምፒየም ካምፖች መስጊድ ሠርተው አዛን የሚሉ ወንድሞቻችን ሳይቀሩ!

ታዲያ ነቀፌታችን የቱ ላይ ነው? በእኔ አስተያየት በሁለት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው፣ እርዳታና ስብከት ከአንድ እጅ መውጣታቸው ነው። ለምሳሌ በ1997 አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ልዩ ኃይል ወታደር የመሠረተው «ፍሪ በርማ ሬንጀርስ» የተባለ ድርጅት አለ። ቡድኖቹ ሌላው በማይደርስበት የውጊያ ጫካ ገብተው ቁስለኛ ያክማሉ፤ ለዚህ ድፍረታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ከመድኃኒቱ ጋር ግን ጸሎቱም የልጆች መዝሙሩም አብሮ ይገባል። መንደሩ ትናንት የተቃጠለበት፣ ልጁ በወባ የሚንቀጠቀጥ አባት «እንጸልይልህ» ሲሉት እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? እሺታውስ ከልቡ መሆኑን ማን ያውቃል? ሰጪው ራሱ እንኳ አያውቅም። እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ሰው የሚሰጠው እሺታ ሚዛን አያነሳም።

ሁለተኛው፣ የአንድን ሕዝብ ስም ለአንድ ወገን ማውረስ ነው። ትምህርቱም የውጭው ዓለም ግንኙነቱም ከመቶ ዓመት በላይ በቤተ ክርስቲያን በኩል ስላለፈ፣ የትግሉ መሪዎች በአብዛኛው ክርስቲያኖች ሆኑ፤ ተራው ተዋጊ ግን በብዛት ቡድሂስት ነበር። ቅሬታው ተጠራቅሞ በታኅሣሥ 1994 ቡድሂስት ወታደሮች ተገንጥለው የራሳቸውን ጦር አቋቋሙ፤ የወታደራዊው መንግሥትም ተጠቀመባቸው። በጥር 1995 የትግሉ ዋና ሰፈር ማነርፕሎ ወደቀ። ተገንጣዮቹ ድንበር ተሻግረው በ1997 እና በ1998 ሁዋይ ካሎክ የተባለውን የስደተኞች ካምፕ አቃጠሉ። ይህን ሁሉ ሚሲዮን አደረገው ማለት በደል ነው፤ እሳቱን የለኮሰው ጠብመንጃ ያዥ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ልጅ ብቻ ደጋግሞ የሚሰጥ አባት ወንድማማቾቹ ሲጣሉ «እኔ የለሁበትም» ሊል አይችልም።

ይህን ሳስብ አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ትዝ ይለኛል። «ኡስታዝ፣ ከዘካ ድርሻዎች አንዱ ልባቸው ለሚለሰልስ ሰዎች አይደለም ወይ? እኛስ ከነሱ በምን ተለየን?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቁጣም አይመለስም። መልሱ ድርሻው ለእነማን እንደተሰጠ ከማየት ይጀምራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሑነይን በኋላ መቶ መቶ ግመል ከሰጧቸው መካከል አቅራእ ኢብኑ ሓቢስና ዑየይና ኢብኑ ሒስን ነበሩ። እነዚህ ጎሣ የሚከተላቸው፣ ተቀብለው ሲያበቁ እንኳ ጀርባቸውን መስጠት የሚችሉ አለቆች ነበሩ እንጂ የተራቡ ስደተኞች አልነበሩም። በኋላም ዑመር (ረ.ዐ.) ኢስላም ጠንክሯል በማለት ድርሻውን ከለከሏቸው፤ የሐነፊ ዑለሞችም በዚሁ ተመርኩዘው ድርሻው ቀርቷል ብለዋል። ለተራበ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው። ሱረቱል ኢንሳን ድኻን፣ የቲምንና ምርኮኛን አብልተው ዋጋም ምስጋናም የማይሹትን ሰዎች ያወድሳል። ምርኮኛው በዚያን ጊዜ ሙሽሪክ እንደነበር ያስረዱ ሙፈሲሮች አሉ። ምስጋና እንኳ የማይፈለግበት ማዕድ እንዴት ሃይማኖት ይጠየቅበታል?

ለዚህም ከታሪካችን ምስክር አለን። ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ክርስቲያኑ ነጃሺ ስለ እምነታቸው ጠይቆ አደመጣቸው፤ ጥላውን ግን በሃይማኖት ለውጥ አልሸጠላቸውም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የአላህ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ነቀፌታውን ወደ ራሳችን እናዙር። በሜላ ካምፕ አዛን የሚለው ሙስሊም ልጆቹን ያሳደገው በማን ሩዝ ነው? በአብዛኛው የክርስቲያን ድርጅቶች፣ በምዕራባውያን መንግሥታት ገንዘብ ጭምር ገዝተው ባቀረቡት ነው። ዘካ በፋርድነት የተደነገገበት ኡመማ ይህን ሲሰማ ማፈር ይገባዋል። ደግሞስ በረመዳን ጥቂት ኪሎ ዱቄት ይዘን ድኻ ደጅ ስንሄድ ካሜራው ይቀድማል። ዱቄቱን የምትቀበለዋ እናት ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን «ገለጥ አድርጊው» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ሚሲዮናዊው በጆንያው እሺታ ቢፈልግ፣ እኛም በጆንያችን ዝና እየፈለግን ነው። ኢኽላስ በጎደለበት ሁለቱም አንድ ናቸው።

በ2025 የካረን ስደተኞች ሌላ ነገር ገጠማቸው። አሜሪካ የእርዳታ ገንዘቧን በመቁረጧ በጥር የካምፖቹ ክሊኒኮች ተዘጉ፤ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ቀለቡ ለአብዛኛው ስደተኛ ቆመ። የታይላንድ መንግሥት በነሐሴ ለካምፖቹ ነዋሪዎች በሕግ ሠርተው የመኖር ፈቃድ ለመስጠት ወሰነ። ለአርባ ዓመት የሰው እጅ ሲያይ የኖረ ሕዝብ በላቡ እንዲበላ በር ተከፈተለት ማለት ነው። እኔ ከጆንያዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ተስፋ አደርጋለሁ። በላቡ የበላ ሰው ወንጌል ሲሰበክለትም ሆነ ዳዕዋ ሲደረግለት፣ እሺም ቢል እምቢም ቢል ቃሉ የራሱ ነውና።

ለደረሶቼ ከእንግዲህ የማስተምረው ይህን ነው፤ የራበውን አብሉት፣ አብልታችሁም ዝም በሉ። እሱ ራሱ ጠግቦ፣ ቆሞ ስለ ዲናችሁ ከጠየቃችሁ ያን ጊዜ በመልካም አንደበት ንገሩት። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፤ በዓለም ዙሪያ ያሉትን ስደተኞች ሁሉ ወደ ቤታቸው በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።