ጀርባውን የሰጠ መጽሐፍ

መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የምናቆመው ጀርባውን ወደ እኛ አዙረን ነው። ርእሱም የደራሲው ስምም እዚያ ስለተጻፈ ሌላ አቀማመጥ ያለ አይመስለንም። ሄንሪ ፔትሮስኪ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዘ ቡክ ኦን ዘ ቡክሼልፍ» በተባለው ሥራው ይህንን እምነት ከሥሩ ይነቀንቀዋል። አውሮፓ ውስጥ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ የገጾቻቸውን ጠርዝ ወደ አንባቢው አድርገው ይቆሙ ነበር።

ምክንያቱ ሰንሰለት ነው። መጽሐፍ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ውድ ንብረት ስለነበር መጀመሪያ በሳጥን ተቆለፈበት፤ ቀጥሎ በተዳፋት የንባብ ጠረጴዛ ላይ በሰንሰለት ታሰረ። መጻሕፍቱ ሲበዙ ጠረጴዛው አልበቃ አለ። ከበላዩ አግዳሚ ጣውላ ተጨመረ፤ ተኝቶ የኖረው መጽሐፍም ተነሥቶ ቆመ። እንግሊዝ ውስጥ በሄርፎርድ ካቴድራል ዛሬም ድረስ የቆየውን ባለ ሰንሰለት ቤተ መጻሕፍት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰንሰለቱ የተያያዘው በሽፋኑ የፊት ጠርዝ ላይ ነው። ጀርባው ወደ ውጭ ቢዞር ሰንሰለቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ይተባተባል፤ የገጾቹ ጠርዝ ወደ ውጭ ሲሆን ግን አንባቢው መጽሐፉን ስቦ፣ ሳያዞር ይገልጠዋል። ሰንሰለቱ ቀርቶ ጀርባው ርእስ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ፔትሮስኪ ይህንን ሂደት ደረጃ በደረጃ ሲያሳይ አንባቢውን አያጣድፍም፤ የመጽሐፉ ልብም እዚህ ያለ ይመስለኛል። መደርደሪያው የመጽሐፍን መልክ እንደቀረጸው ከእሱ በተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ደራሲው በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስናና የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አርፏል። ከዚህ መጽሐፍ በፊትም ስለ እርሳስ ብቻ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። መደርደሪያን የሚያየው ድልድይ በሚያይበት ዓይን ነው፤ ሁለት ምሰሶ፣ በመካከላቸው ሸክም የተሸከመ አግዳሚ። አናጺ ዘንድ የቺፑድ መደርደሪያ ያሠራና ከጥቂት ዓመት በኋላ መሃሉ ጎብጦ ያገኘ ሰው ሁሉ ይህንን ዓይን ይፈልገዋል። ዳር እስከ ዳር መጽሐፍ የተሞላ ጣውላ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ እጥፍ አይሆንም፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። መደርደሪያ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ስለ ቀለሙ ከመጨነቁ በፊት ይህንን ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል።

ስለ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የብረት መደርደሪያዎች የተጻፉት ምዕራፎች ግን ይጎተታሉ። በ1911 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመሰለ ድንቅ ነገር አለ፤ ሰፊውን የንባብ አዳራሽ ከሥሩ ሆነው የሚሸከሙት ለመጻሕፍት የተሠሩ የብረት መደርደሪያዎች ናቸው። የቀረው ዝርዝር ከባለሙያ በቀር ሌላውን አንባቢ ያደክማል።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ፔትሮስኪ የሚያውቀው ችግር የመጽሐፍ መብዛት ነው፤ የት እናስቀምጠው የሚል የባለጠጋ ጭንቀት። አሥር መጽሐፍ ብቻ ያለው ቤት ለእሱ ጥያቄ አይሆንም። በእኛ አገር ብዙ ቤት ውስጥ መጽሐፍ የሚያድረው በቡፌው መስታወት ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆ ጎን ነው። እዚያ መቀመጡ ክብሩን ይናገራል፤ ከልጅ እጅም ያርቀዋል። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ስለ መጻሕፍት መሸጫዎች የጻፈውም እንዲሁ ጥሩ ሆኖ ይጠበኛል። መጽሐፍ ሳይጠረዝ በወረቀት ነዶ የሚሸጥበት፣ ጥራዙን ገዢው እንደ አቅሙ የሚያሠራበት ዘመን እንደነበር ያስታውሰናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከእጁ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሎ ካፌ ለካፌ የሚዞር አዟሪ አለ። መደርደሪያው የገዛ ክንዱ ነው። ገዢው ርእሱን አንብቦ እንዲያስቆመው ጀርባውን ሁሉ ወደ ውጭ ያዞራል፤ ከሥር ያለው ሲፈለግ የላዩን ሳያፈርስ ይመዝዘዋል። የፔትሮስኪን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ይህንን ክንድ ሊያልፈው አይገባም።

የመጽሐፉ ዋና መስመር የአውሮፓና የአሜሪካ ነው፤ የሚከተለውም የሚቆመውን መጽሐፍ ነው። የብራና መጽሐፋችን ግን በልማዱ የሚቆም አልነበረም፤ የሚንጠለጠል ነው። በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ሲነሣ አንግቶት ይሄዳል። እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በናጥሩን ሸለቆ ገዳም የሐበሻ መነኮሳትን መጻሕፍት እንዲህ ተሰቅለው አይቶ ጽፏል። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው፤ ቃሉ ዛሬ በየቢሮው ለሠራተኛ ፋይል መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታዎች መካከል ያለው ጀርባ ርእስ አይጻፍበትም። ከማኅደሩ ወጥቶ ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ስለማይቆም አያስፈልገውም። ይህ የፔትሮስኪን ሐሳብ የሚያጸና ማስረጃ ነው፤ ለዚህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቢሰጠው ኖሮ ክርክሩ እጥፍ ይጠነክር ነበር።

መጽሐፉን ጨርሼ ወደ ራሴ መደርደሪያ ዞርኩ። የእንግሊዝኛዎቹ ርእስ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ የፈረንሳይኛዎቹ ከታች ወደ ላይ። የአማርኛዎቹ ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ነው፤ ከአንድ ደራሲ ሁለት ሥራዎች እንኳ ጎን ለጎን ቆመው ርእሳቸው በተቃራኒ ይሄዳል። ቀጫጭኖቹ ጀርባቸው ባዶ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መምዘዝ ነበረብኝ።