የአያት ታሪክ በልጅ ልጅ ብዕር

ተማሪዎቻችን «የሕይወቴ ታሪክ» ብለው የሚያመጡልንን ጽሑፎች ስናነብ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመተማ ነው። ድንበር ተሻገርን፣ ገዳሪፍ ገባን፣ ከዚያ ካርቱም። ከመተማ በፊት ጸሐፊው ያልተወለደ ይመስላል! አርካዊት ውስጥ በኪራይ ቤት ያደጉት ደግሞ ከአርካዊት ይጀምራሉ። እናት ሻይ ትሸጥ እንደነበር፣ ሰው ቤት ትሠራ እንደነበር ይታለፋል፤ አያትማ ጭራሽ የሉም። ለምን ብለን ስንጠይቅ «እነሱ እኮ ተራ ሰዎች ናቸው፣ ምን ታሪክ አላቸው?» ይሉናል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ሆኖ ያገኘነው የአይዳ እደማርያም መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ ርእሱ «የሚስት ታሪክ» እንደማለት ነው። በ2019 እንግሊዝ አገር የኦንዳቼ ሽልማትን አግኝቷል። ባለታሪኳ የጸሐፊዋ አያት የጎንደሯ ወይዘሮ የተመኙ ናቸው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሃያ ዓመት ለሚበልጣቸው ባለቅኔ ካህን ተዳሩ። የጣሊያንን ወረራ፣ የጎንደርን በቦምብ መደብደብ፣ የንጉሡን መውደቅና አብዮቱን አዩ። ልጆች ቀበሩ፤ ባላቸው ሲታሰሩ ፍትሕ ፍለጋ ተንከራተቱ።

እኛን የማረከን ግን የጦርነቱ ትረካ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ መንግሥት የሚለወጠው በጓዳ በኩል ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ በርበሬ ይሰናዳል፣ ልጅ ይታመማል፤ ወረራውም አብዮቱም የሚመጣው በዚህ መሀል ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው ደግሞ በወርና በበዓል ነው፣ በዝናብና በአዝመራ። እናቶቻችን እንዲህ አይደል የሚያስታውሱት? «መቼ ተወለድኩ?» ብትሏቸው «ገብስ ሲታጨድ» ይሏችኋል። በስደተኛ መታወቂያችን ላይ ግን ስንቶቻችን ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለናል። (አንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ቀን!) አይዳ ይህን የእናቶች አቆጣጠር ወስዳ የመጽሐፉ አጥንት አድርጋዋለች። በእኛ ግምት ትልቁ ብልሃቷ ይኼ ነው።

ቅር ያለንም ነገር አለ። ጸሐፊዋ ራሷን በጣም ትደብቃለች። አያትየዋ በልጅነታቸው ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደፈሩ ከጎናቸው እንደነበረች ሆና ትነግረናለች። ሲነበብ ይጥማል። ግን የቱ ከአያት አፍ የወጣ ነው፣ የቱን የልጅ ልጅ ሞላችው? ስፌቱ አይታይም። ለልቦለድ ይህ ሙያ ነው፤ ለቤተሰብ ታሪክ ግን ትንሽ ስፌት ቢታይ እንመርጣለን። «እናቴ እንዲህ ብላኛለች፣ አጎቴ ግን አይደለም ይላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ታሪኩን አያበላሽም፤ እንዲያውም ሁለቱን ሰዎች ያሳየናል።

ይህን ማለታችን ለነቀፋ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ከአርካዊት የወጡ ቤተሰቦቻችን ፎቶውንም፣ የክርስትና ወረቀቱንም፣ ደብዳቤውንም ጥለው ነው የወጡት። አንዳንዱ ቤት የቀረው ማስረጃ የአንዲት እናት ትዝታ ብቻ ነው። የሰማነውንና የገመትነውን አንድ ላይ ከቀላቀልነው ነገ ታናናሾቻችን የሚለዩበት መንገድ የላቸውም። ዝም ያሉበትም ቦታ ቢሆን ዝም እንዳሉ ይጻፍ። «ስለ መንገዱ ስጠይቃት ወሬውን ወደ ቡናው መለሰችው» ብሎ የጻፈልን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ ከዚያ በላይ ባይገባበት ደግ አደረገ።

መጽሐፉን የምታነቡ መምህራን፣ እንግሊዝኛው ለጀማሪ ይከብዳልና አንድ አንድ ምዕራፍ እየመረጣችሁ በአማርኛ ብትተርኩላቸው ይሻላል። ተማሪዎች ደግሞ ለሚቀጥለው እትም ስትጽፉ በሕይወት ያሉ ዘመዶቻችሁን ስም ለውጡ፤ አገር ቤት ያሉትን በተለይ። ከመስጠታችሁም በፊት ጽሑፉን ለነገረቻችሁ ሰው አንብቡላት። ታርመው ይሆናል።